ካርድ ይዤ መድኃኒት ለምን ከውጭ እገዛለሁ?

«ሲስተርን ጠይቁ» ዓምድ

በዚህ ወር ከጅማና ከዙሪያዋ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ስለ በሽታ ከሚጠይቁት ይልቅ ስለ ክፍያና ስለ ደንብ የሚጠይቁት በዝተዋል። ይህ ደስ አሰኝቶኛል። በሽተኛ ሐኪም ፊት ከመቀመጡ በፊት ብዙው ነገር ተወስኖ ያለቀ ነው። የትኛው ተቋም መጀመሪያ እንደሚያየው፣ ከኪሱ ምን እንደሚከፍል፣ መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ መኖር አለመኖሩ ሁሉ አስቀድሞ የተቆረጠ ነው። የወሰኑት ሰዎች ስለሆኑ ሊጠየቁ ይገባል፤ ለመጠየቅ ደግሞ ደንቡን ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ የልብ ምትና የሆድ ቁርጠት ጥያቄዎችን ለሚቀጥለው እትም አቆይቼ እነዚህን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው መንደራ ቆጪ ነው። መርካቶ በርበሬና ኮረሪማ እየቸረቸርኩ ሦስት ልጆች አሳድጋለሁ። ደም ግፊትና ስኳር አለብኝ። የጤና መድህን አባል ነኝ፤ መዋጮዬን አጓድዬ አላውቅም። ለክትትል ስሄድ ሐኪሙ በደንብ አይቶኝ ያዝዝልኛል። የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ጋ ስደርስ ግን «አንዱ አለ፣ ሌላውን ከውጭ ግዢ» እባላለሁ። ከግል ፋርማሲ እየገዛሁ ከሆነ ካርዱ ምን ይሠራልኛል? ጎረቤቶቼ «ከእንግዲህ አታድሺ» ይሉኛል። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ አድሺ። ስኳርና ደም ግፊት ዕድሜ ልክ ክትትል የሚፈልጉ ሕመሞች ናቸው። ካርዱ የሚሸፍነው መድኃኒት ብቻ አይደለም፤ የምርመራውን፣ የላቦራቶሪውን፣ የአልጋውን፣ ካስፈለገም የቀዶ ሕክምናውን ወጪ ያነሳልሻል። አንድ ቀን ስኳርሽ ከፍ ብሎ ሆስፒታል ብትተኚ ልጆችሽ ለብድር ሰው ደጅ አይጠኑም። እንዲህ ማለቴ ግን ብስጭትሽን ለማቃለል አይደለም። ከፍለሽ የገባሽበት ውል በመስኮቱ በኩል ሲፈርስ መቆጣትሽ ተገቢ ነው። የማስረዳሽ ቁጣው ወደ ማን መሄድ እንዳለበት ነው።

እኔ ሥራ ስጀምር ጤና ጣቢያ ከበሽተኛ የሚሰበስበውን ገንዘብ ሳንቲም ሳያስቀር ወደ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ያስገባ ነበር። መድኃኒት ሲያልቅብን በራሳችን ገቢ መግዛት አንችልም ነበር። በ1990 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የጤና ክብካቤ ፋይናንስ ስትራቴጂን አጸደቀ፤ ክልሎችም በየራሳቸው አዋጅ ተከተሉ። ከዚያ በኋላ ተቋሙ የሰበሰበውን ለራሱ አስቀርቶ፣ በሥራ አመራር ቦርዱ ፈቃድ ለመድኃኒትና ለዕቃ እንዲያውለው ተፈቀደ። ለኛ ለሠራተኞቹ ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። የጨው ውኃ ከረጢትና ጓንት ለመግዛት የማንንም ፊርማ ወራት መጠበቅ ቀረ።

በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። በኦሮሚያ ከተመረጡት አራት ወረዳዎች አንዱ የኛው ዞን ሊሙ ኮሳ ነበር። ይህ ዞን ከመጀመሪያዎቹ ሞካሪዎች አንዱ መሆኑን ብዙ የጅማ ሰው የሚያውቀው አይመስለኝም። ሐሳቡ ቀላልና መልካም ነው። ጤነኛውም ሕመምተኛውም በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣል፤ የታመመው ሲታከም አይከፍልም። መክፈል የማይችለውን ድሃ ቀበሌው መርጦ ያቀርባል፤ መዋጮውን ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል። ከዚያ በፊት ገበሬው ልጁ ሲታመምበት ቡናውን ገና በዛፉ ላይ እያለ በርካሽ ይሸጥ ነበር። ካርዱ ከመጣ በኋላ ቀድሞ የማናያቸው ሰዎች በሽታው ሳይብስባቸው ወደኛ መምጣት ጀመሩ።

አሁን ያንቺን መድኃኒት እንከተለው። የፋርማሲ ባለሙያዋ ማዘዣውን ስትቀበልሽ የካርድሽን ቁጥር፣ የመድኃኒቱን ስም፣ ብዛቱንና ዋጋውን ትመዘግባለች፤ አንቺም ትፈርሚያለሽ። በዚያን ሰዓት ተቋሙ መድኃኒቱን ሰጥቷል፣ ገንዘቡን ግን አላገኘም። ወረቀቶቹ በካርቶን ተጠራቅመው፣ ብዙውን ጊዜ በየሩብ ዓመቱ፣ ለመድህኑ ጽሕፈት ቤት ይላካሉ። እዚያ አንድ በአንድ ይመረመራሉ። ፊርማ የጎደለው፣ ዋጋው ያልገጠመ፣ ቁጥሩ የማይነበብ ይመለሳል። ክፍያው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በነዚያ ወራት መጋዘኑ ውስጥ ያለው ቢን ካርድ (የመድኃኒቱ ቀሪ የሚመዘገብበት ካርድ) ላይ ያለው ቁጥር እየቀነሰ እየቀነሰ ዜሮ ይደርሳል። ተቋሙ እንደገና ለመግዛት ወደ ኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የጅማ ቅርንጫፍ ሲሄድ በእጁ ያለው ገንዘብ ከሚያስፈልገው ያነሰ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ አገሪቱ መድኃኒቷን በአብዛኛው ከውጭ የምታስገባው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ምንዛሪ ሲጠብ መጋዘኑም ይጠባል።

መዋጮውም ራሱ የችግሩ አካል ነው። ሲጀመር የአንድ አባወራ የዓመት መዋጮ 200 ብር አይሞላም ነበር። ገበሬውን እንዳይከብደው ታስቦ የተደረገ ነው፤ ትክክልም ነበር። ነገር ግን የመድኃኒት ዋጋ እየናረ ሲሄድ መዋጮው ለዓመታት እምብዛም ሳይነቃነቅ ቆየ። በመካከል ያለውን ክፍተት ማን ይሙላው? በሙከራው ጊዜ የፌዴራል መንግሥት በተሰበሰበው መዋጮ ላይ 25 በመቶ ድጎማ ይጨምር ነበር። እኔ ክፍተቱን መሙላት ያለበት መንግሥት ነው ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከዓመታዊ በጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተዋል፤ አገራችን እዚያ መጠን ላይ አልደረሰችም። ያ ቃል ሳይፈጸም በቀረ ቁጥር ልዩነቱን የምትከፍይው አንቺ ነሽ፤ በግል ፋርማሲ መስኮት።

ጎረቤቶችሽ «አታድሺ» ሲሉ የሚሆነውን ደግሞ ልንገርሽ። መጀመሪያ የሚወጡት ጤነኞቹ ናቸው፤ ሕመምተኛው ስለሚያስፈልገው ይቆያል። ሣጥኑ ውስጥ የሚገባው ገንዘብ ይቀንሳል፣ የሚወጣው ግን አይቀንስም። ለተቋሙ የሚከፈለው የበለጠ ይዘገያል፤ መስኮቱ ላይ «የለም» የሚባለው መድኃኒት ይበዛል። ከዚያ ሌሎች ጎረቤቶች ተናደው ይወጣሉ። ስለዚህ መስኮቱ ላይ ቆማ «የለም» የምትልሽን ልጅ አትቆጫት፤ እሷም የምትሰጥሽ አጥታ ነው።

እስከዚያው ምን ታደርጊያለሽ? መድኃኒቱ ሲጠፋ ዝም ብለሽ አትውጪ፤ ማዘዣው ላይ «የለም» ተብሎ ማኅተም እንዲደረግበት ጠይቂ። ወደ ሐኪሙም ተመለሽና መደርደሪያው ላይ ካሉት ውስጥ ሊተካልሽ የሚችል እንዳለ ጠይቂው። ለደም ግፊት ብዙ ዓይነት መድኃኒት ስላለ ብዙ ጊዜ ምትክ ይገኛል፤ አንቺ ግን በራስሽ እንዳትቀይሪ። በአንዳንድ ቦታ የመድህን ጽሕፈት ቤቱ ከውጭ ፋርማሲ ጋር ውል አለው፤ ያንቺ ከተማ ውል ከማን ጋር እንደሆነ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቂ። ከኪስሽ ከገዛሽ ሕጋዊ ደረሰኝ ተቀበይና ማኅተም ካለበት ማዘዣ ጋር አስቀምጪ። ይህ የሚመለስ ገንዘብ ባይሆን እንኳ ማስረጃ ነው። መድህኑ ጠቅላላ ጉባኤ አለው፤ ጉባኤው ላይ «መድኃኒት የለም» የሚል ስሞታ ብዙ ይነሳል፣ ማኅተም ያለበት የወራት ማዘዣ ይዞ የሚነሳ አባል ግን አይታለፍም። እባክሽ፣ ገንዘብ አነሰኝ ብለሽ ኪኒኑን ለሁለት ከፍለሽ አትዋጪ። ደም ግፊት ሳያምሽ ነው የሚጎዳሽ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ከጎማ ወረዳ ነው የምጽፍልዎ። ባለቤቴ በቅርቡ ሴት ልጅ ተገላገለች። የጤና ኤክስቴንሽኗ «ወሊድ ነጻ ነው፣ ቤት እንዳትወልድ» ብላ ስትመክረን ነበር። ምጡ መጥቶ ስንሄድ ግን ጓንትና መርፌ ገዝታችሁ ኑ ተባልን። በሌሊት ባጃጅ ይዤ ፋርማሲ ፍለጋ ዞርኩ። ማንኛቸው ናቸው እውነቱን የነገሩኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን በሰላም ተገላገለች። እውነቱን የነገረችህ የጤና ኤክስቴንሽኗ ናት። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ ከክፍያ ነጻ ከሆኑት አገልግሎቶች መካከል ናቸው። ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ ሕክምናም እንዲሁ። የመድህን ካርድ ያለውም የሌለውም እኩል ነው፤ ድሃም ሀብታምም አይለይም።

ይህ ውሳኔ ምን እንዳመጣ ለማየት ወደኋላ መሄድ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከመቶ ወሊድ ውስጥ በጤና ተቋም የተፈጸመው አምስቱ ብቻ ነበር። በ2016ቱ ጥናት 26፣ በ2019ኙ ደግሞ 48 ደረሰ። በእርግዝናና በወሊድ ሳቢያ የሚሞቱት እናቶችም፣ በሕይወት ከሚወለዱ 100 ሺህ ሕፃናት አንጻር፣ በ2000 ከነበረበት 871 በ2016 ወደ 412 ወርዷል። እኔ ያዋለድኩባቸውን ዓመታት ሳስብ እነዚህ ቁጥሮች ፊት አላቸው። በዝናብ ጊዜ በቃሬዛ ተሸክመው ሲያመጧቸው ደማቸው አልቆ የሚደርሱትን እናቶች አስታውሳለሁ። ብዙ ጊዜ ያለቀው በመንገድ ላይ ነበር።

እንዴት ተለወጠ? እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴት ልጆች አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ጤና ኬላ ላይ ተመደቡ። በየቤቱ እየዞሩ ነፍሰ ጡሯን በስም ያውቋታል። አምቡላንስ ለየወረዳው መጣ። ከሩቅ ለሚመጡት በጤና ጣቢያ ግቢ የእናቶች ማቆያ ተሠራ። ደንብ ብቻውን ሰውን እንደማያመጣ ያየሁት ግን በገንፎ ነው። እናቶቹ «ቤት ስንወልድ ገንፎ ይገነፋል፣ ቡና ይፈላል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፤ እናንተ ጋ ባዶ ክፍል ነው» አሉን። እኛም ዱቄትና ቅቤ ከሕዝቡ አሰባስበን በማዋለጃው ክፍል አጠገብ ገንፎ ማገንፋት ጀመርን። በብዙ የአገራችን ጤና ጣቢያዎች የተደረገ ነው። የቅቤው ሽታ ግቢውን ሲሞላው አማቶች ራሳቸው ምራታቸውን እየያዙ ይመጡ ጀመር።

አንተን ያጋጠመህስ? «ነጻ» የሚለው ቃል በሕግ ሲጻፍ ወጪው አይጠፋም፤ ከፋዩ ነው የሚለወጠው። ለአንድ ወሊድ ጓንት፣ መርፌ፣ የደም ማቆሚያ መድኃኒት፣ የእትብት ማሰሪያ ያስፈልጋል። እናቲቱ ካልከፈለች ወረዳው ወይም ክልሉ ለተቋሙ ሊተካለት ይገባል። በጀቱ ሳይተካ ሲቀር ተቋሙ ከሌላ በሽተኛ ከሰበሰበው እየወሰደ ይሸፍናል፤ ያ ሲያልቅ ሸክሙ ሌሊት ባጃጅ ወደሚፈልግ ባል ይዞራል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ነጻ ነው ብለው ቤቷ እንዳትወልድ የመከሯትን እናት በር ላይ ጓንት መጠየቅ እምነቷን መስረቅ ነው። ለሁለተኛው ልጇ ላትመጣ ትችላለች። የምትከፍለው ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽኗም ናት፤ በቀበሌው ውስጥ ውሸታም ተብላ ትቀራለች።

የገዛህበት ደረሰኝ ካለህ ለተቋሙ ኃላፊ በጽሑፍ አመልክት። መልስ ካላገኘህ የተቋሙ የሥራ አመራር ቦርድ ውስጥ የሕዝብ ተወካይ አለ፤ ማን እንደሆነ ከቀበሌህ ጠይቅና እሱን አግኘው። አቤቱታህን ደግሞ «አዋላጇ በደለችኝ» ብለህ አትጻፈው። «ለነጻ አገልግሎት የተመደበው በጀት ስንት ነው፣ ለተቋሙስ መቼ ተላለፈ?» ብለህ ጻፈው። የወረዳ ምክር ቤት አባልህ በጀት ሲጸድቅ እጁን የሚያወጣ ሰው ነው፤ ይህን ጥያቄ ከአንተ መስማት አለበት።

ጥያቄ፦ ሒርማታ ሱቅ አለኝ። በጆንያ የመጣ ደቃቅ ያልሆነ ጨው በኪሎ ስሸጥ ተቆጣጣሪዎች መጥተው «አዮዲን የለውም» ብለው ወሰዱብኝ። አባቴም አያቴም የበሉት ጨው ነው። መንግሥት ጨዌ ውስጥ ምን አገባው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ንብረትህ ሲወሰድ ማዘንህን እረዳለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ግን ከተቆጣጣሪዎቹ ጋር ነኝ። አያቶቻችን የበሉትን ጨው በልተው አንገታቸው ላይ እንቅርት የተሸከሙ እናቶችን በየገበያው እያየን ነው ያደግነው። አዮዲን ሰውነት በጥቂቱ የሚፈልገው ንጥረ ነገር ነው፤ ሲያንስ እንቅርት ያመጣል። እንቅርቱ የሚታየው ክፍል ነው። የከፋው የማይታየው ነው፤ እናት በእርግዝናዋ አዮዲን ካነሳት የልጇ አእምሮ በሆዷ ውስጥ እያለ ይጎዳል። ያ ልጅ በኋላ ትምህርት አይገባውም ተብሎ ይገረፋል። ደጋ አገር ዝናብ ለዘመናት አፈሩን ሲያጥበው አዮዲኑን ይወስደዋል፤ ስለዚህ እህሉም ጎመኑም ውስጥ የለም። ዝናባችንን ታውቀዋለህ።

አዮዲን እንዲጨመርበት ጨው የተመረጠው ድሃውም ሀብታሙም በየቀኑ ስለሚበላው ነው። ቀድሞ አዮዲን ያለበት ጨው በአሰብ በኩል ይመጣ ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ያ ተቋረጠና ገበያውን አዮዲን ያልገባበት የአፋር ጨው ሞላው። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ ቤት በ15ቱ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት፣ በኛ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም.፣ ለሰው ምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ ቁጥር 204/2003 ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ 89 ደርሷል። አንድም ሐኪም ቤት ሳይሠራ፣ አንድም መርፌ ሳይወጋ! ስለ ጤና ፖሊሲ ስናወራ ሆስፒታል ብቻ ለሚታየን ሰዎች ይህን ሁልጊዜ አነሳለሁ።

ከእንግዲህ ስትረከብ ማሸጊያው ላይ አዮዲን የገባበት መሆኑ፣ አምራቹና ቀኑ የተጻፈበትን ብቻ ተቀበል፤ ደረሰኙንም ያዝ። ያቀረበልህ ጅምላ ሻጭ ያለ ምልክት ከሸጠልህ ኪሣራው የሱ እንዲሆን በደረሰኙ መጠየቅ ትችላለህ። ጆንያውን ከፀሐይና ከእርጥበት አርቅ። ለደንበኞችህም ንገራቸው፤ ጨው በክዳን ዕቃ ይቀመጥ፣ ከምድጃ አጠገብ አይዋል፣ ወጥ ውስጥም የሚጨመረው ሊወጣ ሲል ይሁን፤ እሳት ላይ ሲቆይ አዮዲኑ ይተናል።

ጥያቄ፦ ሰቃ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። የጤና መድህን ልመዘገብ ቀበሌ ብሄድ «ደመወዝተኛ አይመዘገብም» ተባልኩ። ከገበሬው የተሻለ ሀብት የለኝም። ለምን?

መልስ፦ ልጄ፣ የነገሩህ ልክ ነው። ማኅበረሰብ አቀፉ መድህን የተቋቋመው ለገበሬውና መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ሰው ነው። ላንተና ለመሰሎችህ ማኅበራዊ የጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጥቶ ነበር። በዕቅዱ መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ ሦስት በመቶ፣ አሠሪው ሌላ ሦስት በመቶ ይከፍላሉ። ደመወዙ አነሰን የሚል ቅሬታ ተነሣ፤ ሥራ ላይ የሚውልበት ጊዜ በተደጋጋሚ ተገፋ። በዚህ መካከል መምህሩ ከሁለቱም ወገን ሳይገባ ለዓመታት ቆየ። ቅሬታውን እረዳዋለሁ፤ የወር ደመወዝ በወሩ አጋማሽ ሲያልቅ ሦስት በመቶ ትንሽ አይደለም። ነገር ግን አንድ የአንጀት ቀዶ ሕክምና የመምህርን የስንት ወር ደመወዝ እንደሚበላ ያየሁ ሰው ነኝና መዘግየቱ የጎዳው ራሱን ሠራተኛውን ነው እላለሁ። የመምህራን ማኅበራችሁ ይህን ጉዳይ የደመወዝ ጭማሪ ከሚጠይቅበት ደብዳቤ ጋር አብሮ ቢያነሳው ደግ ነው።

ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ እናትህ ዴዶ ለብቻቸው እንደሚኖሩና እርሻ እንዳላቸው ጽፈሃል። እሳቸው ባንተ ደመወዝ ምክንያት አይከለከሉም፤ በራሳቸው ቤት እማወራ ስለሆኑ በራሳቸው ስም መመዝገብ ይችላሉ፤ መዋጮውን አንተ ብትከፍልላቸውም ማንም አይጠይቅህም። ምዝገባው ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም፤ በብዙ ቦታ የሚካሄደው ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ባሉት ወራት ነው። የቀበሌያቸውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቀኑን ጠይቃትና የእናትህን ፎቶግራፍ ከወዲሁ አዘጋጅላቸው።